ሁሉም በአንድ ጎተራ

ሰልሰቢል ካርቱም ተወልዳ ካርቱም ያደገች፣ አማርኛዋን ከእናቷ አፍ፣ ትምህርቷን ከዐረብኛ መጽሐፍ ያገኘች ልጅ ናት። እናቷ ዘምዘም ገና በለጋነቷ ከወሎ ወጥታ፣ በካርቱሙ ሪያድ ሰፈር ካሉት ቪላዎች በአንዱ ስትጠርግ፣ ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ዕድሜዋን ጨረሰች። በዚያው ላብ ግን የራሷን ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገብታ ኮምፒውተር አስተማረች። የሱዳኑ ጦርነት ሊፈነዳ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ሰልሰቢል እዚያው ሪያድ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ድርጅት ተቀጠረች። ዘምዘም በደስታ የምትሆነውን አጣች። «እኔ በግርድና በገባሁበት ሰፈር ልጄ በመሐንዲስነት ገባች!» እያለች የምትኖርበትን የአል-ሳሃፋ ሠፈር ጎረቤቶቿን አሰለቸቻቸው።

ድርጅቱ የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የማይነካካው ሥራ አልነበረም። አንዱ ክፍል ለየቪላው የቤት ሠራተኛ ያስቀጥራል። ሌላው የማብሰያ ጋዝ በሪክሻ ጭኖ ቤት ለቤት ያድላል። ሌላው የስልክ ካርድና ሸሪሃ፣ ማለትም ሲም ካርድ ይሸጣል። ኦምዱርማን ገበያ ላይ ደግሞ የዱቄትና የስኳር መደብሮች አሉት። እነዚህ ሁሉ በአንድ ባለቤት ይተዳደሩ እንጂ አንዱ የሌላውን አያውቅም። እያንዳንዱ የራሱ ኮምፒውተር፣ የራሱ አጻጻፍ፣ የራሱ ቋንቋ ነበረው። ሥራ አስኪያጁ ኡስታዝ ሀሰን ሪፖርት በጠየቀ ቁጥር የሚመጡለት ቁጥሮች እርስ በርስ ይጣላሉ።

«ያ ባሽሙሀንዲሳ፣» አላት በመጀመሪያው ቀን። መሐንዲሷ ማለቱ ነው፤ ከዚያ በኋላም በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። «አራት ልጆች ያሉት አባት ብርጭቆውን ማን ሰበረ ብሎ ቢጠይቅ አራት መልስ ያገኛል። እኔ አራት መልስ ሰልችቶኛል። አንድ ስጠይቅ አንድ የሚመልስልኝ ነገር ሥሪልኝ።»

በሙያው ቋንቋ የመረጃ መጋዘን ይባላል። ዘምዘም ግን ልጇ ስትነግራት ወዲያው ገባትና «ጎተራ በይኝ እንጂ!» አለች። ጎተራም ነበር። ሰልሰቢል በሦስት ክፍል ነደፈችው። በየማለዳው ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጣው መረጃ ከነእድፉ የሚራገፍበት አንድ፣ ተለቅሞና ተበጥሮ የሚቀመጥበት አንድ፣ ለአለቆች ተዘጋጅቶ በሥዕልና በካርታ የሚቀርብበት አንድ። ንድፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ መስመሩን እየደለዘችና እየቀጠለች ወራት ፈጀች።

እቃውን መግጠም ቀላል ነበር። ያስቸገራት ሰው ነው። አንዷ ሴት በሠራተኛ ክፍሉ በፓስፖርት ስሟ ትጠራለች፤ በጋዝ ክፍሉ «ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ሐበሻ» ተብላለች፤ በስልክ ክፍሉ ደግሞ ጭራሽ ስም የላትም። እነዚህ ሦስቱ አንድ ሴት መሆናቸውን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ሰልሰቢል ስትፈልግ ስትፈልግ ክሩን አገኘችው። ስልክ ቁጥር! ሰው ስሙን ይለውጣል፤ ጋዝ ሲያዝም፣ ሥራ ሲጠይቅም የሚሰጠው ግን ያንኑ ቁጥር ነው። በዚያ ክር ሁሉንም ሰፋቻቸው። በየቦታው የተበተነው ሰው በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ፣ ስሙ ከሠፈሩ፣ ሠፈሩ ከሥራው ጋር ቆመ።

ከዚያ በላይ የኮራችበት ግን የጋዙ ስሌት ነው። ያን ሰሞን ካርቱም ውስጥ ጋዝ ጠፍቶ ሴቶች ባዶ አምቡባቸውን፣ የጋዝ ሲሊንደራቸውን፣ እየጎተቱ በጠራራ ፀሐይ ይሰለፉ ነበር፤ ዘምዘም ራሷ ተሰልፋ ወድቃ ታውቃለች። ሰልሰቢል አንድ ቤት አንዱን የጋዝ ሲሊንደር በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስ አይታ፣ በዚያ ቤት ስንት ሰው እንደሚበላ የሚገምት ስሌት ሠራች። በዚያ ተመርቶ ሪክሻው ጋዙ ከማለቁ በፊት ሠፈሩ ይደርሳል። አል-ሳሃፋ ውስጥ ሰልፉ ሲሳሳ በዓይኗ ስታይ «ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት» ብላ ለእናቷ ነገረቻት። ዘምዘምም መረቀቻት።

ብርዱ ሲገባ ሥራው ለአለቆች የሚቀርብበት ቀን ደረሰ። ሰልሰቢል ወደ ስብሰባው ክፍል ስትገባ ከኡስታዝ ሀሰን አጠገብ የማታውቃቸው ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። የደንብ ልብስ አልለበሱም። ሀሰን «እንግዶች ናቸው» ብሎ አለፈው፤ ስማቸውን አልተናገረም። ሁልጊዜ ወንበሩን ሞልቶ የሚቀመጠው ሰውዬ ያን ቀን ጫፉ ላይ ነበር። አንደኛው እንግዳ ሻይ ሲቀርብለት ስኳሩን በእጁ ከለከለ። ሱዳን ውስጥ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣ ሰው አይታ አታውቅምና ሰልሰቢል ነገሩን ልብ አለችው።

ሽያጩን አሳየች፤ እንግዳው መስኮቱን ያያል። የዱቄቱን አሳየች፤ መስኮቱን ያያል። የጋዙን ካርታ ስትከፍት ፊቱን መለሰ።

«ይህ የሰው ግምት፣» አለ በዝግታ፣ «ብዙ ይሳሳታል?»

«ብዙም አይሳሳትም፣» አለች፤ ኩራቷ አፏን ቀደመው።

«በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ የብዙ ሰው ጋዝ የሚያነድ ቤት ቢኖርስ? ለብቻው ይወጣል?»

«ይወጣል።»

ሀሰን ሳቅ አለና «ምግብ አብስለው የሚሸጡ ናቸው፤ የንግድ ዋጋ እናስከፍላቸዋለን!» አለ። እንግዳው አልሳቀም። ከሠራተኛ ክፍሉ በመጣው መረጃ ውስጥ የእያንዳንዷ ሴት ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ መቼ እንደሚያልቅ ይታወቅ እንደሆን ጠየቀ። ይታወቃል። «እስቲ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጊያቸው።»

የሰልሰቢል ጣት አመነታ። ሀሰን በዓይኑ «በይ እንጂ» አላት። ተጫነችው። ካርታው ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ብቅ ብቅ አሉ፤ ሪያድ ውስጥ ጥቂት፣ ኦምዱርማን ውስጥ በርከት ያሉ፣ አል-ሳሃፋ ላይ ግን እንደ ኩፍኝ። የእናቷን መንገድ ለየችው።

«ማሻአላህ፣» አለ እንግዳው፤ ሻዩን ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሲወጡ ሀሰን እስከ መኪናቸው ድረስ ሸኛቸው። የቀሩት አለቆች ለሰልሰቢል አጨበጨቡላት፣ አመሰገኗት፤ እሷም ልቧን የነካውን ብርድ ከአየሩ ነው ብላ አለፈችው።

ካርቱም ውስጥ ከሻ ሲባል የማይደነግጥ ሐበሻ የለም። ወረቀት የሌለውን ሰው የሚያፍሱበት አፈሳ ነው። ከሻ ሲመጣ ግን ይታወቃል፤ መንገዱ በሁለት በኩል ይዘጋል፣ ሰው ይጮኻል፣ ጣራ የሚዘልም ይዘላል፣ ኢቃማ ያለውም የሌለውም አንድ ላይ ይጋፋል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አል-ሳሃፋ የገባው ከሻ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሰልሰቢል ከገበያ ስትመለስ ዘምዘም በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ፊቷ ዐመድ መስሏል።

«ዩማ፣ እናቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«ትርንጎን ወሰዷት። ከነልጆቹ።»

ትርንጎ ከሦስት በር በታች የምትኖር ጎንደሬ ናት። ሪያድ ለአንድ ቤት በተመላላሽ ትሠራለች። ከአሠሪዎቻቸው የሸሹ ልጃገረዶችን በሁለቱ ክፍሏ ሸሽጋ ታኖር እንደነበር ሠፈርተኛው ሁሉ እያወቀ ዝም ያለው ጉዳይ ነው።

«ማን ጠቆመ?»

«እሱን ነው ያላወቅነው ልጄ! ወላሂ ማንንም አልጠየቁም። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ መጣች። የኔን በር አለፉ፣ የጎረቤታችንን የጥላዬን አለፉ፣ ቀጥ ብለው የሷን አንኳኩ። ከዚያ ደግሞ ያንን ሁሉ በር ዘለው ከመስጊዱ ጀርባ። በረካ ያለው ሰው እንደሚመራቸው በር እየመረጡ!» ዘምዘም ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ትርንጎ ብቻዬን ነኝ አለቻቸው። ሰውየው ምን አላት መሰለሽ? ‹ብቻሽን ከሆንሽ የስድስት ሰው ጋዝ ማን ነው የሚያነደው? ሌሎቹ የታሉ?› አላት። እስቲ አሁን ይሄን ምን ሰይጣን ነገረው?»

ሰልሰቢል የያዘችውን ዘንቢል አስቀመጠች፤ ቲማቲሙ ተበትኖ ሲንከባለል ዓይኗ ተከተለው እንጂ ልታነሳው አልቻለችም። ስድስት። ያ ቁጥር ከሰው አፍ የወጣ አይደለም። ማንም አልጠቆመም፤ እሷ የሠራችው ስሌት ነው የተናገረው።

የሥራው ሳምንት በሚጀምርበት እሁድ ስትገባ በቀጥታ ሰርቨሩን ወደሚጠብቀው ወደ ሙተወኪል ሄደች። ሙተወኪል ቀልድ የማያልቅበት የኦምዱርማን ልጅ ነበር፤ ያን ቀን ግን ዓይኗን አላየም።

«ከመጋዘኑ ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር አለ?» አለችው።

«በኡስታዝ ትእዛዝ ነው። በየማለዳው አንድ ቅጂ ወደ እነሱ ይሄዳል። እባክሽ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፤ ልጆች አሉኝ።»

ሀሰን ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ስትነግረው አላቋረጣትም። ስትጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን አሻሸ፤ በአንድ ወር ውስጥ ያረጀ መሰላት።

«ሕግ የጣሰን ሰው ሕግ ቢይዘው እኔ ምን አገባኝ?»

«ትርንጎ ወረቀት ያጣችው አሠሪዋ ፓስፖርቷን ስለቀማት ነው። እርስዎም ያውቃሉ፤ ቅሬታዋን ያስገባችው እዚህ ነው።»

«አውቃለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እምቢ ብላቸው ነገ ደጄ ላይ ይቆማሉ። ከነገ ወዲያ ድርጅቱ የሌላ ሰው ይሆናል። አገሩ እንዴት እንደሆነ ታያለሽ አይደል? ሁሉም ለአንድ ነገር እየተዘጋጀ ነው፤ ሁሉም ማን የት እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ዛሬ ሐበሾቹን ነው የጠየቁኝ፤ ነገ ደግሞ ማንን እንደሚጠይቁኝ እንጃ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «የእናትሽ ኢቃማ አልፎበታል፣ ቢንቲ። እሷም ካርታው ላይ ነበረች። ከዝርዝሩ ያስወጣኋት እኔ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አንነጋገር።»

ቢንቲ፣ ልጄ ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰልሰቢል በሩን ከኋላዋ ዘግታ ወጣች። ልጄ የተባለችው ለፍቅር ይሁን ለማስፈራራት አልለየላትም፤ ምናልባት ለሁለቱም።

ያን ሳምንት አንገቷን ደፍታ ሠራች። መጋዘኑን አላፈረሰችውም፤ ቢፈርስ በማግስቱ ሌላ መሐንዲስ መጥቶ ይሠራዋል። ክሩን ነው የበጠሰችው። ስልክ ቁጥሩ ገና ከበሩ ሳይገባ ተመልሶ ሊፈታ በማይችል መንገድ እንዲደባለቅ አደረገች፤ በየክፍሉም ድብልቁ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ የጋዟ ሴትና የሠራተኛ ክፍሏ ሴት ከእንግዲህ አይገናኙም። ጋዙም በቤት መቆጠሩ ቀርቶ በሠፈር ተደመረ። የቀድሞውንም ከየማስቀመጫው አጠፋችው። የሀሰን ሪፖርት እንደ ወትሮው ይወጣል፤ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ። ሽያጩ አለ፣ ዱቄቱ አለ፣ ሰዎቹ ብቻ የሉም። መጀመሪያውኑ እንዲህ መሆን ነበረበት፤ ለንግዱ ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር። ይህን ስታስብ ከጥፋቱ ይልቅ የማስተካከሉ ቅለት አንገበገባት።

የወጣው ቅጂ ግን ወጥቷል። እሱን መመለስ አይቻልም፤ ማስረጀት ግን ይቻላል። ሰው ከቤቱ ከለቀቀ፣ ቁጥሩን ከጣለ፣ እዚያ ያለው መረጃ ሐሰት ይሆናል። ሰልሰቢል ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። ዘምዘም እስክትጨርስ ሰማቻትና ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

በየቤቱ ዞረች። «ሸሪሃችሁን ጣሉ። ቤት ተለዋወጡ። ጋዝ በራሳችሁ ስም አትዘዙ» አለች። የሰሙ ሰሙ፤ በዚያው ሳምንት ፍራሽ ከበር በር ሲሻገር ታየ። አንዳንዶቹ «እኔን ደሃይቱን ማን አውቆኝ?» ብለው ሳቁ። ሻይ የምትሸጠው ወይንሸት ግን ከትርንጎ ጋር የተወሰደች የእህት ልጅ ነበረቻት፤ ዘምዘምን በመንገድ ዳር አቆመቻት።

«ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው፣ እትዬ ዘምዘም?»

ዘምዘም መዋሸት አልሆነላትም።

«ልጅሽ ናታ! ልጅሽ ናት ለካ የበላችን!» ብላ ጮኸች ወይንሸት፤ ጀበናዋን እንደያዘች ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ለዘምዘም ሰላም የሚላት አልተገኘም። እሷም ለልጇ አልነገረቻትም፤ ሰልሰቢል የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በፊት በሩ ተንኳኳ። ኡስታዝ ሀሰን ነበር። ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዞ፣ ሳቅ ብሎ ቆሟል። ከኋላው አንድ መኪና ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሟል፤ ከውስጡ ያ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጣው ሰው ወደ ፊት ወደ ፊት ብቻ ያያል። ሀሰን አል-ሳሃፋን ረግጦ አያውቅም፤ ቤታቸው የት እንደሆነም ማንም አልነገረውም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ያ ሐጃ! ልጅሽ ስለታመመች ልጠይቃት መጣሁ።» ሰልሰቢል ያን ሳምንት ታምሜአለሁ ብላ ቀርታ ነበር።

ዘምዘም አስገባችው። ውኃ አቀረበች። እሱም ከኪሱ ፖስታ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት፤ በውስጡ አዲስ ኢቃማ ነበር፤ ፎቶዋ ያለበት፣ ማኅተሙ ያልደረቀ የሚመስል። ዘምዘም ፈገግ ብላ ወረቀቱን ሳመችው፤ «አላህ ይስጥልን» አለች።

«ባሽሙሀንዲሳ፣» አለ ወደ ሰልሰቢል ዞሮ፤ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው፤ ግንባሩ ላይ ግን በዚያ ብርድ ላብ ነበረው። «እንግዶቻችን የሚመጣላቸው ነገር ከተበላሸ ሰነበተ። ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም። ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለም አልኳቸው። እሁድ ትገቢያለሽ፤ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ፣» አለች።

በሩ ላይ ሲደርስ ቆመና፣ ከመኪናው እንዳይሰማ አድርጎ፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ «እሁድ እነሱም ይመጣሉ። ይዘውሽ ይሄዳሉ» አላት። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ማዐሰላማ፣ ያ ሐጃ!» አለና ሄደ።

መኪናው ከመንገዱ እንደታጠፈ ዘምዘም ፈገግታዋን እንደ ሻሽ አወለቀችው።

«እኔ ጌቶች ቤት ኖሬአለሁ፣» አለች። «ጌታ ገረዱ ቤት ድረስ ስጦታ ይዞ የሚመጣው መግቢያና መውጫዋን ሊያይ ነው። ተነሺ።»

«ዩማ፣ ዕቃው...»

«ዕቃ ይበላል እንዴ? ተነሺ አልኩሽ!»

በሩን ቆልፈው፣ ወደ ጎረቤት እንደሚሄድ ሰው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ስልኮቻቸውን ኦምዱርማን በሚሄድ ሀፍላ፣ ማለትም የከተማ አውቶቡስ፣ ወንበር ስር ጥለው ወረዱ፤ ከዚያ በሪክሻ እስከ መናኸሪያው፣ ከዚያ ወደ ድንበሩ በሚወስደው በገዳሪፍ አውቶቡስ። ዘምዘም መንገዱን ሁሉ ዱዓ አደረገች። ሰልሰቢል ደግሞ አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በመስኮቱ አጮልቃ ታይ ነበር።

ከገዳሪፍ በፊት ባለው ኬላ አንድ ወታደር ገብቶ ወረቀት መሰብሰብ ጀመረ። ዘምዘም አዲሱን ኢቃማ ሰጠችው። ወታደሩ አገላብጦ አየውና ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን መምታት ያዘ። ሰልሰቢል ዓይኗን ከአውራ ጣቱ ላይ መንቀል አልቻለችም። ከዚያ ጀርባ ምን እንዳለ፣ ቁጥሩ የት ደርሶ ምን ይዞ እንደሚመለስ፣ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ወታደሩ ጠበቀ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አነሳ፣ ነቀነቀው።

«ሸበካ የለም፤» አለ ለባልደረባው፤ ኔትወርክ ማለቱ ነው። ኢቃማውን ዘምዘም ጭን ላይ ወረወረና «ያላ!» ብሎ ወረደ።

መተማን በተሻገሩ በወራት ውስጥ ካርቱም ነደደች። እነሱ በቀሩበት በመተማ ድልድይ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ፤ ሱዳኑም፣ ሐበሻውም፣ የቪላው ጌታም፣ ሠራተኛይቱም። ሪያድ ያለው የድርጅቱ ሕንፃ ተዘርፎ እንደተቃጠለ ሰልሰቢል ከመጡት ሰማች። የኡስታዝ ሀሰንን ወሬ የሚያውቅ አላገኘችም። የዚያ ቅጂ ነገር ግን ማን እጅ ላይ እንዳለ፣ እንደነደደ ወይስ ከአንዱ ታጣቂ ወደ ሌላው እንደዞረ ሊነግራት የሚችል ሰው የለም። ከካርቱም በር ተመርጦ ተንኳኳ የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር ምግብ አይወርድላትም።

ትርንጎ የመጣችው ከመጀመሪያዎቹ ጋር አይደለም፤ የእስር ቤቱ ጠባቂዎች ሸሽተው በሮቹ ከተከፈቱ በኋላ፣ ብዙውን መንገድ በእግሯ ነው። ዘምዘም ከሰዉ መካከል ለይታ አቅፋት አለቀሰች። ሰልሰቢል ራቅ ብላ ቆመች። በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ አልሸሸገችም።

«የጋዙን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣» አለች ትርንጎ። ከሲታ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። «ስምሽን እነሱው ናቸው የነገሩኝ። ከካርቱም ከጠፋሽ በኋላ፣ የት እንዳለሽ እንድነግራቸው ሲሉ።»

«ነገርሻቸው?»

«ባውቅ እነግራቸው ነበር።» ከዚያ ወደ ድልድዩ እያየች ቀጠለች። «ከልጆቹ ሦስቱ በሌላ ድንበር በኩል ቀድመውኝ ወጥተዋል አሉ። የወይንሸት እህት ልጅ አብራኝ ነበረች፤ ሲከፈት ተለያየን። አንዷን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን ለብቻዋ ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።»

«አብሬሽ ልፈልጋቸው።»

ትርንጎ እምቢ አላለቻትም። በማግስቱ ማለዳ ወደ ድልድዩ ስትወርድ ሰልሰቢል ተከተለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ብዙም ሳይነጋገሩ፣ የምትሻገረውን ሴት ሁሉ ፊት ፊቷን እያዩ ይውላሉ።